ከመጠይቁ በፊት

ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የምርምር ዘዴ መሸጋገሪያ ትምህርት፣ በንፋስ መውጫ ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች እንዲሁም ለወላጆች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የጋይንትና የስማዳ ገበሬ መጠይቅ ምን እንደሆነ ከብዙ ከተሜ አብልጦ ያውቃል። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ ዋስትና፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ዝናብ መዛባት፣ ሥራ ፍለጋ ስለሚሰደዱ ወጣቶች ሊያጠና የሚመጣ ሰው ተቋርጦ አያውቅም። ለደቡብ አፍሪካው የዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ አንድ የዶክትሬት ጥናት ከዳር እስከ ዳር የላይ ጋይንትን የምግብ ዋስትና የሚመለከት ነው። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደብረ ታቦርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የእነዚህን ወረዳዎች ስም በርዕሱ የያዘ የማስተርስ ጽሑፍ መፈለግ ብዙ አያደክምም። ገበሬው ሥራውን ትቶ ተቀምጧል። ስንት ልጅ አለህ፣ ስንት ጥማድ ታርሳለህ፣ ስንት በሬ አለህ፣ ባለፈው ዓመት ለስንት ወር እህል አነሰህ ተብሏል፤ እሱም መልሷል። መልሱ የት እንደ ደረሰ ተመልሶ የነገረው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ ጠያቂው ነው። ጠያቂው አሁን አሁን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ብቻ አይደለም። በዚህች ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ነው፤ በሆስፒታሉ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ በግብርና ጽሕፈት ቤት ያለ ባለሙያ፣ መካነ ኢየሱስ ያለ የፋይናንስ ሠራተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ እየተመላለሰ፣ ወይም ክረምት ክረምት እየሄደ ማስተርሱን ይማራል። የክፍል ውስጥ ኮርሱን ይጨርሳል፣ ውጤቱም መልካም ይሆናል። ‹ፕሮፖዛል አቅርብ› ሲባል ግን ባለበት ይቆማል። አንዳንዱ ዓመት ይቆማል፤ አንዳንዱ ኮርሱን ጨርሶ ጽሑፉ ስለቀረው ዲግሪውን ሳይዝ ይቀራል።

ይህን ሰው ሰነፍ ነው የሚል ካለ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እስከ ዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ድረስ በአመዛኙ የተፈተነው አራት አማራጭ ቀርቦለት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪው የጻፈው ጥናት ካለም ብዙ ጊዜ የቡድን ሥራ ነበር፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያስጠርዛል፣ የቀረው ስሙን ያስገባል። አሁን ምርጫ የሌለበት፣ ጥያቄውም ያልተጻፈበት ባዶ ወረቀት ሰጥተን ‹ጥያቄውን አንተው አምጣ፣ መልሱንም አንተው ፈልግ› አልነው። ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ቀደም ብሎ ያሳየው ሰው የለም። የምርምር ዘዴ የሚባል ኮርስ በማስተርሱ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በአንድ ሴሚስተር፣ ለክረምት ተማሪ ደግሞ በጥቂት ሳምንት ተጨናንቆ የሚሰጥ፣ ከእንግሊዝኛ ስላይድ የሚሸመደድ፣ በመጨረሻም በፈተና የሚዘጋ ሆኖ ይቀራል። ተማሪው የናሙና ዓይነቶችን ስም በቃሉ ይወጣቸዋል፤ በእጁ ግን አንድም ናሙና አልወሰደም።

ከዚያ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌግራም ይከፍታል፤ የቀድሞ ሰው ጽሑፍ ያወርዳል፤ የወረዳውን ስም ፍቆ የራሱን ወረዳ ያገባል። ገንዘብ ያለው ደግሞ ቴሲስ በክፍያ ወደሚጽፉ ሰዎች ይሄዳል። በቅርብ ጊዜ ቻትጂፒቲ ተጨምሯል፤ የተጠየቀውን ባማረ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አንዳንዴም በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ይጠቅሳል። ይህ ሁሉ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ብለን ብንኮንነው ልክ ነን። ሆኖም ኩነኔው ብቻውን የቆመውን ተማሪ አያራምደውም፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነውና።

የጎደለውን በምሳሌ ላሳያችሁ። በማስተርስ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ 384 የሚል ቁጥር ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። አመጣጡ እንዲህ ነው። የምንፈልገው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ካላወቅን ግማሽ በግማሽ ብለን እንነሣለን፤ ከመቶ 95 ያህል እርግጠኛ መሆን፣ ከመቶ 5 በላይ አለመሳሳት እንፈልጋለን፤ ሒሳቡ ሲሠራ 384 ይመጣል። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 መጽሐፉ ላይ ያሰፈረውን ቀመር የሚጠቀሙ ደግሞ 50,000 አባወራ ባለበት ቦታ 397 ያገኛሉ። ቁጥሮቹ በራሳቸው ትክክል ናቸው። ቀመሮቹ ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ እያንዳንዱ አባወራ የመመረጥ እኩል ዕድል ይኑረው ይላሉ። ተማሪው ቁጥሩን ይወስድና ይህን ቃል ኪዳን ይተወዋል።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ላይ ጋይንት ከጉና ብርድ አንሥቶ እስከ ወንዝ ሸለቆው ቆላ ድረስ የሚወርድ አገር ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ አለ፤ ጤፍ የሚዘራበት ወይና ደጋ አለ፤ ማሽላ የሚዘራበት፣ ዝናቡ ቀድሞ የሚቋረጥበት ቆላም አለ። በመሐል ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ያልፋል። ተማሪው በጀት የለውም፤ ፈቃድ ያገኘው ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ 384ቱን ሰው ባጃጅና ሚኒባስ ከሚያደርሰው ቀበሌ ይሰበስባል፤ ጊዜውም ከመኸር በኋላ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ጎተራውም ያልጎደለበት ወቅት ነው። ከዚያ ‹የላይ ጋይንት አባወራ በአማካይ እንዲህ ነው› ብሎ ይጽፋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው የገጠር ልማት መጽሐፍ ይህንኑ በሽታ አስፍሮታል፤ አጥኚ በአስፋልት ዳር ያለውን ያያል፣ በበጋ የሚታየውን ያያል፣ ወደ ውስጥ የሚኖረውንና በክረምት የሚራበውን ድኻ አያገኘውም። መጽሐፉ ለጋይንት የተጻፈ አይደለም፤ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ቆሞ ለሚያነበው ግን ሰፈሩን እንደሚያውቅ ሰው ይናገራል።

መፍትሔው ከባድ ሒሳብ አይሻም። ቀበሌዎቹን በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ መለየት፤ ከእያንዳንዱ በድርሻው ልክ መውሰድ፤ ከቀበሌው መዝገብ በዕጣ ማውጣት። ከዚያ ደግሞ መዝገቡን ራሱን መጠርጠር ያስፈልጋል። አዲስ ጎጆ የወጣ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት ስሙ አለ? ባሏ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ለጉልበት ሥራ የሄደባት ሴት በማን ስም ተመዝግባለች? ይህን ጥያቄ ማንሣት የሚችለው አገሩን የሚያውቀው የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ዘዴውን ብናስተምረው ከማንም የተሻለ አጥኚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እውቀቱ አለው፤ እውቀቱን ወደ ዘዴ የሚቀይርበት ጊዜና ሰው ነው ያጣው።

አንድ ሌላ ልጨምር። ብዙ ተማሪ የምርምር ዘዴ ሲባል ልቡ ኤስፒኤስኤስ ወደሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ይሄዳል፤ ሶፍትዌሩን የቻለ ምርምር የቻለ ይመስለዋል። አሥር አባወራ ጠይቀን የበሬያቸውን ቁጥር ጻፍን እንበል። ሦስቱ ምንም የላቸውም፣ ሦስቱ አንድ አንድ፣ ሦስቱ ሁለት ሁለት አላቸው፤ አንዱ ሀብታም ስምንት አለው። ድምሩ 17 ነው፤ አማካዩ 1.7 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህን በቅጽበት ያወጣል፤ ጽሑፉም ‹አንድ አባወራ ወደ ሁለት የሚጠጋ በሬ አለው› ይላል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራችሁ መካከለኛውን ብታዩ ግን አንድ ነው። ከአሥሩ ስድስቱ ጥማድ የሚሞላ በሬ የላቸውም፤ መቀናጆ ካላገኙ፣ ወይም መሬታቸውን ለእኩል ካልሰጡ አያርሱም። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጠቅመው የትኛው ቁጥር ነው? ይህን ለመለየት እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ሶፍትዌሩ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይጠቅማል፤ ከዚህ በፊት ከመጣ ግን ስሕተቱን አስጊጦ ያቀርበዋል።

ስለ መልሱ እውነትነትም ማሰብ አለ። ክሊፕቦርድ የያዘ ሰው ደጃፍ ላይ ሲቆም ገበሬው መጀመሪያ የሚያስበው የሴፍቲኔት ምልመላ መጣ ብሎ ነው። ስንት በግ አለህ ሲባል ቢቀንስ አይፈረድበትም፤ መልሱ የልጆቹን ቀለብ የሚነካ ሊሆን ይችላልና። የጥማዱም ልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብሎ ማስላት የተለመደ ቢሆንም ገደላማ ማሳ ላይ ስሌቱ ይዛባል። ለዚህ ነው መጠይቅ ከመሰራጨቱ በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር ያለበት። የሚመልሱት ሰዎች የት ላይ እንደሚያመነቱ፣ የትኛውን ጥያቄ አጥኚው ካሰበው ውጭ እንደሚረዱት በዚያ ይታያል። በጽሑፎች ላይ ‹የሙከራ ጥናት ተካሂዷል› የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ አለ፤ በሙከራው የተነሣ የትኛው ጥያቄ እንደተለወጠ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ፈታኝ ብሆን የምጠይቀው እሱን ነው።

ወደ ከበደው ጉዳይ ልለፍ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙባቸው ቀናት እዚህ የደረሰውን ለእናንተ መተረክ የእኔ ድርሻ አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ 16 የዚህች ከተማ ሴቶች የደረሰባቸውን ግፍ ተናግረዋል። ከዚያ በኋላም በጦርነቱ ስለደረሰው ጉዳት፣ ስለ አእምሮ ጤና፣ ስለ ተጎዱ ሴቶች ለማጥናት ብዙ ተማሪና ብዙ ድርጅት ወደ ጦርነቱ አካባቢዎች መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በአደጋና በግጭት ጊዜ በጾታዊ ጥቃት ላይ ለሚደረግ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያ አውጥቷል። የጥናቱ ጥቅም ለተጠያቂዋ ከሚያስከትለው አደጋ መብለጥ አለበት ይላል። ተጠያቂዋ ታሪኳን ከመናገሯ በፊት እርዳታ የምታገኝበት አገልግሎት በአካባቢው መኖር አለበት ይላል። ጠያቂዎቹ በጥንቃቄ የተመረጡና ለዚሁ የሠለጠኑ ይሁኑ ይላል። ይህን ያልተማረ የማስተርስ ተማሪ፣ ከልብ አዝኖም ቢሆን፣ ቁስል ከፍቶ ሊሄድ ይችላል። አንዲት እናት የደረሰባትን ለአራተኛ ጊዜ ለአራተኛ ሰው እንድትናገር የሚያስገድድ ማስተርስ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የምርምር ዘዴ ትምህርት የዲግሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ የምፈልገው በዚህ የተነሣ ነው። ተማሪውን ከመውደቅ ያድነዋል፤ የሚጠየቀውንም ሰው ካልሠለጠነ ጠያቂ ይጠብቀዋል። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ማንም የማስተርስ ተማሪ የሰው ደጃፍ ከማንኳኳቱ በፊት፣ እንዲያውም ዩኒቨርሲቲው ኮርስ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዴት እንደሚጠይቅ መማር አለበት። ይህ መሸጋገሪያ ትምህርት በኢንተርኔት ቢሰጥ ንፋስ መውጫም ወገዳም ይደርሳል። አሰጣጡ ግን ለንፋስ መውጫና ለወገዳ ታስቦ መሠራት አለበት።

መሸጋገሪያ የሚባለው ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ በሆነ ጊዜ መንግሥት ሪሚዲያል የሚባለውን መርሐ ግብር ጀመረ፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጎደለውን እንዲሞላ ዕድል ተሰጠው። ከላይ በኩል፣ በድኅረ ምረቃው መግቢያ፣ በ2015 ዓ.ም. የመጣው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ነው። ፈተና ያልበቃውን ይለያል፤ የለየውን አያስተምርም። ከታች ድልድይ ሠርተን ከላይ በር ብቻ ማቆማችን ትክክል አይመስለኝም። በኔዘርላንድስ ከሙያ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው የዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ‹ፕሪማስተር› የሚሉትን መሸጋገሪያ ይወስዳል፤ በውስጡም የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ ትልቁን ቦታ ይይዛሉ። ሀብታም አገር ይህን ያህል ጊዜ ከሰጠው፣ እኛ ‹ራሱ ይድረስበት› ብለን ማለፍ አንችልም።

ስለ ኢንተርኔቱ ስናወራ ያለፍንበትን እናስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ትምህርት አመጣልን። በጊዜው ትልቅ ወጪና ትልቅ ተስፋ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም፤ የክፍሉ መምህር ጥቂት ደቂቃ መግቢያ፣ ጥቂት ደቂቃ መዝጊያ ተሰጥቶት ዳር ቆመ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃው ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል አደረገ፤ ኔትወርክ ያለው ቀጠለ፣ የሌለው ፒዲኤፍ በቴሌግራም ተቀበለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት ትምህርቱን በቪዲዮ ላይ ብቻ የመሠረተ ኮርስ ቢኖር ኖሮ ለጋይንት ተማሪ እንዳልነበረ ይቆጠር ነበር።

አሁን የተሻለ መሠረት እየተጣለ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጡ ሻያሾን ጋር የጀመረው የኢ-ሺ ፕሮጀክት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት ኮርስ እንዲያዘጋጁና እንዲሰጡ ይደግፋል። ከውጭ ደግሞ አንድ ሥራ እጅግ ያስደስተኛል፤ ኢናስፕ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ኦተርኤይድ በሚለው ፕሮግራሙ ለታዳጊ አገር ተመራማሪዎች የሚሰጠው የምርምር አጻጻፍ ትምህርት። በዓለም ላይ በነጻ በኢንተርኔት የሚሰጡ ትልልቅ ኮርሶች ላይ ከሚመዘገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አንዱ ያህል ነው የሚጨርሰው። የኦተርኤይዶቹን ግን ግማሽ አካባቢ ሲጨርሳቸው ታይቷል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ትምህርቱ በአመዛኙ የሚነበብ ጽሑፍ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ ይችለዋል፤ በየሳምንቱ ቀነ ገደብ አለው፤ ተሳታፊው የጻፈውን ሌላ ተሳታፊ ያነባል፤ ልምድ ያላቸው አስተባባሪዎችም ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ባጭሩ፣ ከማሽኑ ጀርባ ሰው አለ።

ይህን ከእኛው ምድር ምሳሌ ማየት ይቻላል። እዚሁ ጋይንት ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም አለች። የድጓ ተማሪ በየትኛውም አገር ቢማር የሚያስመሰክረው ቤተልሔም መጥቶ ነው፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ እንዳለች ሁሉ። እዚያ ድጓውን ጽፎ መያዝ ብቻ ለማንም ምስክርነት አያስገኝም። ተማሪው ያዜማል፣ መምህሩ በጆሯቸው ሰምተው ያርማሉ፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስጠናል፤ መምህሩ አንድ ሆነው ብዙ ተማሪ ማድረስ የሚችሉት በዚህ ሥርዓት ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ችግርም ይኸው ነው፤ አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪ ተሸክሞ የአንዱን ፕሮፖዛል ለማንበብ ወራት ይፈጅበታል። የሚያስቀጽል ሰው ቢኖረው ሸክሙ ይቀልለት ነበር። በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በአርብ ገበያ፣ በመካነ ኢየሱስ ማስተርሳቸውን የጨረሱ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ስድስት ወይም ስምንት ጀማሪ ቢይዙ፣ የጻፉትን በየሳምንቱ ቢያነቡላቸው፣ የኢንተርኔቱ ትምህርት ሥጋና ደም ያገኛል።

ትምህርቱ እንዴት ይሁን ብትሉኝ የማስበውን ልንገራችሁ። ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። የየሳምንቱ ክፍል ጥቂት ገጽ ጽሑፍና አጭር የድምፅ ቅጂ ይሁን፤ ኔትወርክ በተገኘ ሰዓት አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኔትወርክ የሚነበብና የሚደመጥ፤ መስመር ጨርሶ ቢቋረጥ ደግሞ በወረቀት ታትሞ በፖስታ ወይም በመንገደኛ የሚላክ። ማብራሪያው በአማርኛ ይሰጥ። ጽሑፉን በኋላ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ቢሆንም፣ ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ፣ አርሶ አደር አባቱ ሰምተው ‹ይህማ ደኅና ነገር ጠየቅህ› ሊሉት በሚችል አነጋገር ይጻፍ። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ፤ የእንግሊዝኛ ልምምዱ ይጎድልበታል ይላሉ። እንግሊዝኛውን የሚያጎድለው የጠራ ሐሳብ አለመኖሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ሊል እንደፈለገ የሚያውቅ ሰው ቋንቋውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በሙሉ ለጥያቄው እሰጣለሁ፤ ይህ ለብዙዎች የበዛ ይመስላቸዋል። ‹በላይ ጋይንት የምግብ ዋስትና ችግር ምክንያቶች› የሚለው ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ አሥር ሰው ጽፎበታል፣ አሥሩም ድርቅ፣ የመሬት ጥበትና የበሬ እጥረት ብለው ጨርሰዋል። በአንጻሩ ‹የድንች ዘር ከጎረቤት የሚበደር አባወራና ከገበያ የሚገዛ አባወራ በምርት ይለያያሉ ወይ?› የሚለው አንድ ሰው በአንድ ዓመት ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ነው። ‹ከቆላ ቀበሌ የምትመጣ ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የምትወስነው መቼ ነው፣ ከማንስ ጋር ተማክራ?› የሚለውን አንዲት ነርስ ከሥራዋ ሳትርቅ ልታጠናው ትችላለች። ‹የ11ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ከገበያ ቀን ማግስት ለምን ይቀራሉ?› የሚለውን መምህሩ ከራሱ የስም መጥሪያ ይጀምራል። ጥያቄ እንዲህ ሲጠብ ናሙናውም፣ መጠይቁም፣ ሒሳቡም መልክ ይይዛል።

አራተኛው ሳምንት ቀድሞ የተጻፈውን ማንበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረው ሂናሪ፣ የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 ያስከተለው አጎራ፣ የኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ ያስችላሉ። የይለፍ ቃሉ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለ። ተማሪው ግን ስለማያውቀው ከቴሌግራም የተገኘ ማንነቱ ያልታወቀ ፋይል ይጠቅሳል። ስለ ፈቃድ መጠየቅና ስለ ሚስጥር መጠበቅ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ሳምንት ሙሉ ይውሰድ፤ ተማሪውም ያገኘውን ውጤት በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ለቀበሌው የሚያቀርብበትን ቀን ገና ፕሮፖዛሉ ላይ ያስፍር። የቀሩት ሳምንታት ናሙና፣ መጠይቅ መሞከርና በእጅ ሠንጠረዥ መሥራት ናቸው፤ እነሱ ከላይ እንዳየነው ናቸው፣ አልመለስባቸውም።

ይህ ትምህርት ለሴቶች የሚሰጠውን ጥቅም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የሚጠባ ልጅ ያላት ነርስ ቅዳሜና እሑድ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መመላለስ ይከብዳታል፤ በጸጥታው ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ለማንም አይሞከርም። ማታ ልጇን አስተኝታ በስልኳ የምታነበው ነገር ካገኘች፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ የጻፈችውን የሚያነብላት ሰው ካለ፣ ከወንድ የሥራ ባልደረባዋ እኩል ትነሣለች።

ከዩኒቨርሲቲዎቹ የምጠብቀው ሁለት ነገር ነው። ይህን መሸጋገሪያ ለጨረሰ ተማሪ ዕውቅና ይስጡ፤ ፕሮፖዛሉ ቀድሞ ይታይለት። የሚያስቀጽሉትን የወረዳ ባለሙያዎችም በይፋ ደብዳቤ ይቀበሏቸው፤ ድካማቸው በሥራ ምዘናቸው ላይ እንዲቆጠር። ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚፈለገው ደግሞ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተር ያለበት ክፍል መክፈትና ያላቸውን መዝገብ ለአጥኚ በሥርዓት ማሳየት ነው። የዝናብ፣ የምርት፣ የክትባት፣ የተማሪ ቅበላ መዝገብ በየቢሮው ተቆልፎ አለ፤ ብዙ ጥያቄ ገበሬውን ሳያስቸግር ከዚያ ሊመለስ ይችል ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የክረምት ተማሪዎች ሐምሌ ላይ ግቢ ይገባሉ። ትምህርቱ ሚያዝያ ማገባደጃ ላይ ቢጀመር ሰኔ ሳያልቅ ይጠናቀቃል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስተርሳችሁን ጨርሳችሁ በሳምንት ሁለት ሰዓት ልትሰጡ የምትችሉ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና የተማራችሁበትን የትምህርት መስክ በሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ አስፍሩልን። የጤናው ከጤናው፣ የግብርናው ከግብርናው፣ የመምህራኑ ከመምህራኑ ጋር ይመደባል።